የ«ቆርቆሮ» ማለቂያ

ከድር ማክሰኞ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁን ዘግቶ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ከድር ለጁምዓ ሰላት ካልሆነ በቀር በገበያ ሰዓት ሱቁን የሚዘጋ ሰው አይደለም። ጨርቅ የሚለካበት ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣው። «ጋሼ አረፉ» አለኝ። ገብቼ አለቃዬን «ጓደኛዬ ሞቶብኝ ነው» ብዬ አስፈቀድኩ። በኋላ መንገድ ላይ ሳስበው ራሴን ታዘብኩ። በሕይወት እያሉ ጓደኛዬ ናቸው ስል ቢሰሙኝ ኖሮ ሜዳውን ሲያዞሩኝ ይውሉ ነበር።

ጋሽ ሽታሁን ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ስፖርት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔንም ከድርንም በፊሽካ ነው ያሳደጉን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው ገባ ያለ፤ ክረምት ከበጋ ሰማያዊ ቱታ የማይለያቸው። ሠርግ ከሆነ ቱታው ላይ ኮት ይደርባሉ፤ ከዚያ በላይ መሽቀርቀር አያውቁም። ሰላም ሲሉህ መዳፍህን አይጨብጡም። የእጅህን አንጓ ይዘው ዝም ይላሉ፤ የልብ ምትህን እያዳመጡ ነው። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ አልተኛህም» ወይም «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው?» ይሉሃል። የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ ይስታሉ። እንደ ግንድ ተጋድሜ አድሬ አልተኛህም ሲሉኝ «አዎ ጋሼ» ነበር የምለው። ማን ይከራከራቸዋል!

አንድ የማይለቁት ነገር ነበራቸው። ተማሪ ሮጦ ሲጨርስ ሣር ላይ ልዘረር ካለ አለቀለት። አስነሥተው፣ እጁን ወገቡ ላይ አስይዘው፣ ትንፋሹ ተመልሶ ልቡ እስኪረጋ ድረስ ቀስ ብሎ እንዲራመድ ያደርጉታል። ማብረጃ ይሉታል። መሮጥማ ማንም ይሮጣል፣ ሰው የሚጎዳው አጉል ሲያቆም ነው ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ ከኋላቸው ሆነን ማብረጃውን እንደ ጎባጣ ሽማግሌ እየተራመድን እንስቅበታለን። ዘወር ብለው ሲያዩን ቀጥ እንላለን።

የከተማው ሰው የሚያውቃቸው ግን በዚህ አይደለም። ሽታሁን ሲባል «ቆርቆሮ» ነው የሚለው። ቆርቆሮ ዘፈን ነው። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄደው አንድ ጓደኛቸው ካሴት ቀድቶላቸው ነበር። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ልዩ ልዩ» የሚል ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት የፈረንጅ ዘፈን አለች፤ ሃርድ ሮክ የሚባለው ዓይነት፣ ጊታሩ የሚጮህበት፣ ድራሙ ደረት የሚደልቅበት። የማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትል አያውቁም። ጊታር ያስተማረቻቸው እሷ ናት። እየሰሙ፣ እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ ለቀሟት። እኛን ሰብስበው የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ክበብ ሲያቋቁሙ ካሴቱ በጣም ከመሳሳቱ የተነሣ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ክበቡ ሲባል ብዙ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ሽታሁን ጊታር፣ እኔ ቤዝ፣ ከድር ድራም። ከድር አባቱ ሱቅ ውስጥ ጣቃ በእንጨት ሜትር ሲደበድብ አይተውት ነው የመረጡት። ዘፋኝ አልነበረንም። አንድ ልጅ ቃላቱን እንደመጣለት ልዝፈናቸው ብሎ ነበር፤ ጋሽ ሽታሁን ከለከሉት። የማናውቀውን ቋንቋ በሰው ፊት አንዘፍንም፣ ስድብ ቢሆንስ አሉ። ስለዚህ የዘፋኙንም ድርሻ ጊታሩ ወሰደው።

መጀመሪያ ሰው ፊት የተጫወትናት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው፤ የትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ፣ ከቀትር በኋላ። የአዳራሹ ጣራ ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ነበር። ጋሽ ሽታሁን ጀምረው ከድር ሲቀበላቸው ጣራው ከእኛ ጋር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው እኛን ትቶ ሽቅብ ያያል። የጊታሯ ጩኸት እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዘፈኗ ባንድ ጊዜ ቀጥ ትላለች። ካሴቱ ላይ እንደዚያ ነበረች፤ እኛም እንደዚያው አቆምናት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ይጨብጨብ ወይስ አይጨብጨብ እያለ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ፊት ላይ የተቀመጡ አንድ የተማሪ አባት፣ ከገጠር የመጡ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ወርውረው ተነሡና ፉከራ ጀመሩ። ሕዝቡ «ሆ!» ብሎ ተነሣላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወለሉ በእግር ተደበደበ፣ ያ ጣራ አሁንስ ወረደ ብዬ እኔ በበኩሌ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር።

በዚያው ስሟ ቆርቆሮ ሆነ፤ ሥርዓቷም ያ ሆነ። በየሄድንበት ሰው የሚጠብቀው ያቺን ጫፍ ነው። ጉንደ ወይን ላይ ወጣቶቹ ከመድረሷ በፊት ጫማቸውን ያጠብቁ ነበር። መርጡለ ማርያም በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ጠጥተን ሄደን የተጫወትነው እሷን ብቻ ነው፤ ሌላ የሚሰማን አልነበረም። ይጁቤ ላይ ጄኔሬተሩ ገና ከመጀመራችን ጠፋብን። ሕዝቡ ጫፉ የደረሰ መስሎት ሆ ብሎ ፎከረ። ቤንዚን ተቀድቶ ተመልሰን ስንጫወት ደግሞ በቦታው ሆ ብሎ ደገመ። ጋሽ ሽታሁን ከመድረክ ሲወርዱ በሳቅ እየተንፈራፈሩ፣ ይህ ሕዝብ ፉከራውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እኛ ፈቃድ ሰጪ ነን አሉን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጎልማሳ ሆንን፣ ጋሽ ሽታሁንም ጡረታ ወጡ። ከድር የአባቱን ሱቅ ወረሰ፣ እኔ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ስንጠራ ግን እንሰባሰባለን። በዚህ መሀል ስኳር ያዛቸው። ቀስ ብሎ ጣቶቻቸውን ያደነዝዛቸው ጀመር። የሰው ጣት ተውሼ የምጫወት ይመስለኛል ይሉን ነበር፤ እየሳቁ ነው የሚሉት፣ እኛም አብረን እንስቃለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ፣ የምሳ ግብዣ ያለበት ሠርግ ላይ ተጫወትን። ከእንግዶቹ መሀል ሰላማዊት የምትባል፣ ከሐዋሳ መጥታ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ነበረች። ሰው ሆ ብሎ፣ ፎክሮ፣ ከተቀመጠ በኋላ ወደኛ መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጨረሻዋን ለምንድነው የማትጫወቱት?» አለቻቸው።

ጋሽ ሽታሁን የቀለደችባቸው መሰላቸው። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የምጫወታትን ዘፈን ልታስተምሪኝ ነው ብለው ተቆጡ። ልጅቷ ደነገጠች። ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች፣ ኢርፎኑን ሰጠቻቸው። ፊታቸውን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አዎ፣ እሷው ናት። ጫፏ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አነሡ፣ እኛን ሊያስቆሙ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሳያወርዱት ቆዩ፤ ከዚያ ስፒከሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ለካስ ያለቀችው ዘፈኗ አይደለችም፤ ካሴቱ ነው።

ተራዬን ሰማሁት። ከዚያ ሁሉ ነጎድጓድ በኋላ ድራሙ ይቆማል፣ ሁሉ ይቆማል፣ ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። አንዲት አጭር ዜማ ናት፤ ከላይ ጀምራ ወደ ታች የምትወርድ። አራት ጊዜ ትመላለሳለች፣ በየጊዜው ቀስ እያለች፣ ድምፅዋን እየቀነሰች። የመጨረሻው ድምፅ ተይዞ ይቆይና እዚያው ይጠፋል። ኢርፎኑን ለከድር አቀበልኩና ዘወር አልኩ።

ጋሽ ሽታሁን ኢርፎኑን ጠቅልለው ለልጅቷ መለሱላት። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ማብረጃ ነበራት» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሰዉን አስሩጬ፣ ልቡን አስመትቼ፣ ሳላበርደው ነው ወደ ቤቱ የምሸኘው። እኔ! ተማሪ ሣር ላይ ተቀመጠ ብዬ የምቀጣው ሰውዬ!»

ከድር «ታዲያ አልተወደደችም እንዴ? ሰው እንደዚያ ሆና ነው የወደዳት» አላቸው። አልሰሙትም። ያን ቀን አንድ ነገር ቆረጡ፤ ጣታቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው በፊት፣ በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ዘፈኗን አንድ ጊዜ እስከ ማለቂያዋ ይጫወቷታል። ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ሰላማዊት ዘፈኗን በሚሞሪ ጭናላቸው ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሯ ተዛወረች። ጋሽ ሽታሁን በአሮጌ ስልካቸው፣ አንዱን ኢርፎን ብቻ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሲዞሩ ይውላሉ። ልምምዱን የሚያደርጉት በስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥበቃው የቀድሞ ተማሪያቸው ስለሆነ ይከፍትላቸዋል። ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። ኳስና ፍራሽ መሀል ተቀምጠው፣ ጊታሩን አቀርቅረው እያዩ ይለማመዳሉ። ድሮ ጣታቸውን የሚያይ ጊታር ተጫዋች ሲያዩ፣ ምግቡን እያየ እንደሚጎርስ ሕፃን ነው ይሉ ነበር። አሁን ጣታቸው ገመዱን መንካቱን የሚያውቁት በዓይናቸው ነው። ያቺን አጭር ዜማ አንድ ልጅ በሳምንት ይጨርሳታል። እሳቸውን ክረምቱን ሙሉ ፈጀባቸው።

አዳራሹ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዝግ ነበር። ዘመኑ ክፉ ሆነ፤ የነበረውን ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚህ አልዘረዝረውም። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ኔትወርክ የለም፣ ሠርግ እንኳ በሹክሹክታ ነው። ጋሽ ሽታሁን ስንገናኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። አዳራሹ ይቀድማል ወይስ ጣቴ ይሉኛል። አንድ ቀን ግን ሳቁ ጠፍቶባቸው፣ ሰዉን አየኸው፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ አየኸው፣ የሚያበርደው እኮ ነው ያጣው አሉኝ። ያኔ ነው ነገሩ የዘፈን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

አዳራሹ ቀደመ። ለተማሪዎች ደብተር ለማሰባሰብ ተብሎ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ዝግጅት ተፈቀደ። መግቢያው ደብተር ነው። ሰዉ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚሰበሰብበት ስላገኘ መስኮቱ ሳይቀር በሰው ተሞላ። ከመድረኩ ኋላ ከድር ለሕዝቡ አስቀድመን እንንገር አለ፤ ዛሬ ዘፈኗ ጫፉ ላይ አታልቅም፣ ጸጥ ብላችሁ ጠብቁ እንበል። እኔም ደገፍኩት። ጋሽ ሽታሁን ፊታቸው ተለዋወጠ። ዘፈን ማስታወቂያ ይነገርለታል እንዴ፣ ራሷ ትናገር አሉ። ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ለምነን አቃተን።

ቱታቸው ላይ ኮት ደርበው ወጡ። ገና ጊታሩን ሲያነሱ ሰዉ «ቆርቆሮ! ቆርቆሮ!» ማለት ጀመረ። ጀመርን። ጣታቸውን እያዩ፣ አንዲትም ሳይስቱ ሄዱ። እየወጣን፣ እየወጣን ጫፉ ላይ ደረስን። ከድር ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ከዚህ ወዲያ ያለው የእሳቸው ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋን ድምፅ ሲመቱ አዳራሹ ፈነዳ። እንዲያ ያለ «ሆ!» በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ጊዜ አፉን ዘግቶ የከረመ ሰው ነው። ሽማግሌው ይፎክራል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ የሚያለቅስም አይቻለሁ። ከድር ከድራሙ ተነሥቶ ዝም በሉ ብሎ ሁለት እጁን ያወዛውዛል። ሰዉ ጨምሩ ያላቸው መስሎት ባሰበት። ጋሽ ሽታሁን ቀና አላሉም። ከንፈራቸው እየቆጠረ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ጣታቸው ላይ ነው። ተጠግቼ ስፒከሩ ላይ ጆሮዬን ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጩኸት ሥር ሰማኋት። ወረደች፣ ተመለሰች፣ ቀስ አለች። አራተኛውን ጨርሰው የመጨረሻዋን ድምፅ ያዙ፣ እስክትጠፋ ጠበቁ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ገመዱ ላይ አሳረፉ።

ወጣቶቹ መድረኩ ላይ ወጥተው ከነጊታራቸው ትከሻቸው ላይ አወጧቸው። እየዘፈኑ ይዘዋቸው ወጡ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው ለሰዉ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ሰው ልቡ ተሰብሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ሽታሁን የዚያን ዕለት እንዳስደሰቱን ማንም አላስደሰተንም ይላል።

ከዚያ በኋላ ጊታር አላነሱም። እግራቸው ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላ ሆስፒታል ተኙ፣ ወጡ፣ ተመልሰው ተኙ፤ በመጨረሻ ቤታቸው አስገቧቸው። ስለዚያ ዝግጅት ማናችንም አንስተን አናውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋቸው ጎን ተቀምጬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮው ሳወራ አቋረጡኝ።

«ሰዉ ሰማት?» አሉኝ።

ማለቂያዋን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። «አልሰማትም፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» ወደኔ ዞሩ። «እኔም አልሰማኋትም። ጣቴ አይነግረኝም፣ ጆሮዬን ሰዉ ሞልቶታል። እሷን ልጫወት ሌላ ነገር ልጫወት አላውቅም። አንተ ነህ አጠገቤ የነበርከው። ተጫውቻታለሁ?»

እንደ ተለማመዷት ነው የተጫወቷት፣ አራቱንም ጊዜ አልሳቱም አልኳቸው። ለማስደሰት እንዳልሆነ ማልኩላቸው። እውነትም ለማስደሰት አልነበረም። «እንግዲያው የሰማኸውን አዚምልኝ» አሉ።

እኔ ድምፅ የለኝም። ሠርግ ላይ እንኳ አፌን ከፍቼ የማልዘፍን ሰው ነኝ። ግን ምን ልበላቸው? ጉሮሮዬን ጠራርጌ በአፍንጫዬ አዜምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፣ ጣቶቻቸው ጋቢው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ስጨርስ «ቸኮልክ» አሉኝ። «ሦስተኛው ላይ ቸኮልክ። እኔ እንደዚያ አልቸኩልም፤ ድገመው።» ደገምኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን እየቆጠብኩ። ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ላቋርጠው አልሆነልኝም፤ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፣ የመጨረሻዋንም ድምፅ እስክትጠፋ ያዝኩ።

ቀና ስል ባለቤታቸው እትዬ የውብዳር መድኃኒቱን በትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ የውብዳር ባላቸው ሲጫወቱ አንድም ቀን አዳራሽ ገብተው አያውቁም። ያ ጩኸት ያስፈራኛል፣ ልቤን ያርደዋል ይላሉ፤ ጋሽ ሽታሁንም አስገድደዋቸው አያውቁም። አሁን ትሪውን አስቀምጠው ጋቢውን እስከ አንገታቸው ሳብ አደረጉላቸው።

«እንዲህ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አዎ አልኳቸው።

«እንዲህ መሆኑን ባውቅ እመጣ ነበር» አሉ።